ብድር መመላለስና ብድሩን የማይመልስ ባልንጀራ

በግእዝ «ፈደየ» ማለት ከፈለ፥ የተቀበለውን መለሰ ማለት ነው። ከዚሁ ግስ የወጣው «ፍዳ» የሚለው ስም በመጻሕፍት ቋንቋ ለበጎም ለክፉም ሥራ የሚከፈል ዋጋ ነው። አማርኛችን ቃሉን ሲወርስ ከሁለቱ ወገን አንዱን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ዛሬ ሰው «ፍዳዬን አየሁ» ቢል መከራ ተቀበልሁ ማለቱ እንጂ ዋጋዬን አገኘሁ ማለቱ አይደለም። «ብድር» የሚለው ቃላችን ግን ሁለቱንም ወገን እስከ ዛሬ ይዞ ይኖራል። ታሞ ሳለ የጠየቀውን ጎረቤቱን በተራው ሲታመም የጠየቀ ሰው ብድሩን መለሰ ይባላል፤ የወንድሙን ገዳይ አድብቶ የገደለም ሰው ብድሩን መለሰ ይባላል። መድኀኒትና መርዝ በአንድ ብልቃጥ ተቀምጠዋልና ብልቃጡን የሚያነሣ ሰው ምን እንዳነሣ ማወቅ ይገባዋል።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ለባልንጀራው በጎ ነገር ሲያደርግ «ነገ በተራዬ ይመለስልኛል» ብሎ ተስፋ ቢያደርግ፥ ያደረገው ነገር በእግዚአብሔር ፊት በጎ ሥራ ሆኖ ይቈጠርለታልን? ወይስ ዕቃ ሰጥቶ ዋጋ ከሚቀበል ነጋዴ አይለይም? ጥያቄው በጉባኤ ቤት ብቻ የሚነሣ አይደለም። ከቀብር የሚመለሰው የእድር አባል፥ ከአረም የሚመለሰው ገበሬ፥ ለልጁ ሠርግ ማን ምን እንዳመጣለት በደብተር የሚጽፈው አባወራ፥ ቢያስተውሉትም ባያስተውሉትም፥ ሁሉም በዚህ ጥያቄ ውስጥ ይኖራሉ። አንዳንድ ሰባክያን «ብድርን ተስፋ አድርጎ የሚሰጥ ሁሉ ዋጋ የለውም» ብለው ነገሩን በአንድ ቃል ሲዘጉት እንሰማለን። እኛ ግን እንዲህ በችኮላ መዝጋት አይገባም እንላለን፤ መረዳዳት በሰው ልጆች መካከል እንዴት እንደ በቀለ፥ በምንስ እንደ ጸና ሳይመረምሩ ፍርድ መስጠት ብዙውን ደግ ሕዝብ ያለ በደሉ መውቀስ ይሆናልና።

እስቲ አስቀድመን ወደ ገበሬው እርሻ እንሂድ። የጤፍ አረም የሚነቀልበት ወራት አጭር ነው፤ ዝናቡም አረሙም ሰውን አይጠብቁም። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ብቻውን ያረመ ገበሬ ከማሳው አንዱን ወገን ሲጨርስ ሌላው ወገን በአረም ይዋጥበታል። ስለዚህ ዐሥር አባወራዎች ተስማምተው ዛሬ በአንዱ ማሳ፥ ነገ በሌላው ማሳ ይውላሉ፤ ይህ ወንፈል ይባላል። ወንፈል ቍጥር አለው። አንድ ቀን የሠራ አንድ ቀን ይሠራለታል፤ ራሱ መምጣት ያልቻለ ልጁን ወይም ሌላ ሰው በምትኩ ይልካል። አንድ በሬ ብቻ ያለውም ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ሁለቱም በመቀናጆ በየተራ ያርሳሉ። ደቦ ግን ከወንፈል የተለየ ነው። ባለ እርሻው ጠላውን ጠምቆ፥ እንጀራውን አስጋግሮ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራል፤ የተጠራውም እየዘፈነ ሲሠራ ይውላል፤ ቀኑን በቀን ቈጥሮ የሚጠይቀው ግን የለም። በወንፈል ቍጥር ይገዛል፥ በደቦ ፍቅርና ይሉኝታ ይገዛሉ ብንል ከእውነት አንርቅም። እነዚህን ሁለት ሥርዐቶች አባቶቻችን ከማንም መጽሐፍ አልተማሩአቸውም፤ ችግርና ጉርብትና አስተማሩአቸው እንጂ።

የውጭ አገር ሊቃውንት ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ መርምረውታል። ቻርልስ ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1871 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፥ እርስ በርስ ለመረዳዳት የተዘጋጁ ሰዎች ያሉበት ነገድ ሌሎቹን ነገዶች እንደሚያሸንፍ ጽፎ ነበር። ስለ ሰው አመጣጥ የተናገረውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ማነጻጸር የዛሬው ጽሑፋችን ሥራ ስላልሆነ እናልፈዋለን። ከእርሱ በኋላ በ1971 ሮበርት ትሪቨርስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፥ ዘመድ ያልሆኑ ፍጥረታት እንኳ በየተራ ቢረዳዱ ሁሉም እንደሚጠቀሙ፥ ዳሩ ግን ተቀብሎ የማይመልሰውን ለይተው ካላወቁ መረዳዳቱ እንደሚፈርስ አስረዳ። በ1984ም ጀራልድ ዊልኪንሰን የተባለ መርማሪ በኮስታሪካ ስለሚኖሩ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች ያገኘውን አሳተመ። ከእነዚህ ወፎች አንዲቱ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ደም ሳታገኝ ብትቀር ትሞታለች፤ ስለዚህ ጠግባ የተመለሰችው ከሆዷ አውጥታ ለተራበችው ታጎርሳታለች፤ የምታጎርሰውም ዘመዷን ወይም አብራት የምትውለውንና የምታውቃትን ነው። የሌሊት ወፍ መምህር ሆና በመቅረቧ የሚጸየፍ አንባቢ ቢኖር፥ ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው እንዲማር ወደ ገብረ ጕንዳን እንደ ላከው ያስታውስ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ጥያቄ የሚረዳው ሮበርት አክስልሮድ የተባለው የሚሺጋን ዩኒቨርስቲ መምህር ያደረገው ውድድር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን አሳብ ሳያውቅ መርዳትን ወይም መክዳትን ይመርጣሉ። ሁለቱም ቢረዳዱ ለእያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ሁለቱም ቢካካዱ 1፣ 1 ያገኛሉ፤ አንዱ ሲረዳ ሌላው ቢክደው ከዳተኛው 5 ወስዶ የተካደው ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን መክዳት እንደሚያተርፍ ግልጽ ነው። ውድድሩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ውድድር እያንዳንዱ ጥንድ 200 ጊዜ ይገናኝ ነበር። አክስልሮድ ስለዚህ ነገር የተመራመሩትን ሊቃውንት ሁሉ ብልሃታቸውን ለኮምፒዩተር በሚሆን አጻጻፍ እንዲልኩለት ጠየቀ። በመጀመሪያው ውድድር 14፥ በሁለተኛው 62 ብልሃቶች ቀረቡለት። ከእነዚህም መካከል እጅግ የረቀቁ፥ ባልንጀራቸውን አዘናግተው በድንገት የሚክዱ ነበሩባቸው። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ግን አናቶል ራፖፖርት የተባለው ሊቅ የላከው፥ ከሁሉ ያጠረው ብልሃት ነበር። ሥራውም ይህ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ባልንጀራው ባለፈው ያደረገለትን እርሱም መልሶ ያደርግለታል።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ። ይህ ብልሃት ከገጠሙት ሁሉ አንዱን እንኳ በነጥብ በልጦ አያውቅም፤ ሊበልጥም አይችልም፤ አስቀድሞ የሚክድ እርሱ አይደለምና። ቢበዛ እኩል ይወጣል፤ አለዚያም በጥቂት ይበለጣል። ሆኖም ሁሉም ነጥብ በተደመረ ጊዜ አንደኛ ሆኖ ተገኘ፤ ባልንጀሮቹን ለመብለጥ የተጉት ግን ከኋላ ቀሩ። ይህን በወንፈል የዋለ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ጎረቤቱን አታልሎ ግማሽ ቀን ያተረፈ ሰው ዓመቱ ሳይሞላ ብቻውን ሲያርም ይታያል። ሰው ባልንጀራውን ሳያሸንፍ ሊከብር የሚችል መሆኑ በሒሳብ ሲረጋገጥ ማየት፥ ፈጣሪ ፍጥረቱን በምን ዐይነት ሕግ እንደ ሠራው ለሚያስብ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ስለዚህም «ዛሬ ለአንተ፥ ነገ ለእኔ» የሚለውን የገበሬውን ስምምነት ከንቱ ንግድ ነው ብለን አንንቀውም። ሰው ባልንጀራውን ማመን የሚለማመድበት የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ፊደል ያልቈጠረም ዳዊት አይደግምም።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰዎቹ ዳግመኛ የሚገናኙ ከሆኑ ነው። የገጠር ሰው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፥ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፥ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ ዛሬ የከዳውን ነገ በደጀ ሰላም ያገኘዋል። ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለበት እንኳ የጎረቤቱን ዐይን ይፈራል። የጋራ ሀብት የሚጠበቀውም በዚሁ ኀይል ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው አሜሪካዊት ሊቅ፥ በ2009 በኢኮኖሚ ትምህርት የኖቤልን ሽልማት ከሴቶች ወገን መጀመሪያ ያገኘችው፥ በዚህ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ደክማበታለች። ቶርበል በሚባለው የስዊስ ተራራ መንደር ያሉ ገበሬዎች፥ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልባቸው ከሚችለው የበለጡ ላሞች ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይለቅ በ1517 ደንብ ጽፈው እንደ ነበረ እርሷ በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ ተጠቅሶ ይገኛል።

የእኛም አገር ሰው ለዚህ ከስዊስ ገበሬ አያንስም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚበቅልበት ሰፊ ደጋ አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ለከብትም ይሆናል። የአስቦና የጌራ ትውልድ የሆኑት ባላባቶች ይህን ምድር ቄሮ በሚባል ሥርዐት ይጠብቁት ነበር፤ ሥርዐቱም ወደ 400 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው ይነገራል። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ምድሩን ለጥቂት ዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜ ቀን ቈርጠው ያስከፍቱታል፤ ከቀኑ በፊት የገባውን ይቀጣሉ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ምክንያት የባላባቶቹ ሥልጣን ሲቀር የቀድሞው ሥርዐት ፈረሰ፤ ምድሩም ተጎዳ፤ ኋላ ግን ያገሩ ሰዎች በአዲስ ኮሚቴ ተሰብስበው እንደ ገና ይጠብቁት ጀመር። ከዚህ የምንረዳው፥ ቅጣት የሌለበት መተማመን እንደማይቈይ፥ የሚቀጣውም ሰው ከራሱ ከሕዝቡ መካከል የተመረጠ እንደ ሆነ ቅጣቱ ቂም ሳያስከትል እንደሚከበር ነው። ቀሲሱ በንስሐ ልጁ ላይ ቀኖና ሲጥል ሳለ ሰውየው እሺ ብሎ የሚቀበለው፥ ራሱ ፈቅዶ የመረጠው አባት ስለ ሆነ አይደለምን?

ከተማ ሲመሠረትና ሰው ከየአገሩ ተሰብስቦ ጎረቤቱን የማያውቅ ሲሆን፥ በጉርብትና ዐይን ይጠበቅ የነበረው ብድር ወደ መዝገብ ተዛወረ። በ20ኛው መቶ ዓመት በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች እጅግ የተስፋፋው እድር ይኸው ነው። ወርኃዊ መዋጮውን የሚከፍል፥ በለቅሶም የሚገኝ ሰው ከቤቱ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳንም፥ ወንበርም፥ አስተናጋጅም፥ ቀባሪም አያጣም። በዋሽንግተንና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን አስከሬን ወደ አገር ለመላክ እየተዋጡ እድር ማቋቋማቸው፥ ሥርዐቱ ባሕር ተሻግሮም እንደሚበቅል ያሳያል። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴም በአንድ ወገን እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ጽዋው በየተራ ይዞራል። ብቻ በመካከላቸው አንድ የማይሞት ማኅበርተኛ፥ ማኅበሩ የሚጠጣለት ቅዱስ፥ አለና ሒሳቡ ሁሉ በሰዎቹ መካከል ብቻ አያልቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ብልቃጡ ሌላ ወገን እንመለስ። ያ በውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ብልሃት አንድ ክፉ ድካም አለበት፤ ይኸውም ስሕተትን አያውቅም። ሁለቱም ወገን ያንኑ ብልሃት ይዘው ሲረዳዱ ሳሉ አንዱ ሳያስበው ቢሳሳት፥ ወይም ሌላው የተደረገለትን አጣሞ ቢረዳው፥ ያ ሰው ይክዳል፤ የተካደውም በተራው ይክዳል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ሲካካዱ ይኖራሉ። ሁለቱም «እኔ አልጀመርሁም፥ ብድሬን መለስሁ እንጂ» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ደም መመላለስ የሚባለው የአገራችን መቅሠፍት ከዚህ በምን ይለያል? በድንበር ወይም በሰከረ ሰው ቃል የተጀመረ ጠብ አባትን ገድሎ ልጅን ያስነሣል፤ ልጁም ገድሎ የልጅ ልጅን ያስነሣል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንዲሉ፥ ሦስተኛው ትውልድ ጠቡ በምን እንደ ተጀመረ ሳያውቅ ብድሩን ብቻ ያውቃል።

በኦሪት ዐይን ስለ ዐይን፥ ጥርስም ስለ ጥርስ እንዲሆን የታዘዘው፥ መምህራን እንደሚተረጕሙት፥ በቀልን ለማስተማር ሳይሆን ለመወሰን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው የላሜሕ ፉከራ ነበርና። ላሜሕ በቀሉን በሰባትና በሰባ ቍጥር አበዛ። ጌታችንም ጴጥሮስ እስከ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል፥ እስከ ሰባት ነውን ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ ያንኑ ሰባትና ሰባ የሚለውን ቍጥር ወደ ይቅርታ መለሰው። ማርቲን ኖዋክና ካርል ዚግሙንድ የተባሉት የኦስትሪያ ሊቃውንት በ1992 ባሳተሙት ጥናት፥ ሰው በሚሳሳትበት ዓለም የሚያሸንፈው በደልን ሁሉ የሚመልሰው ሳይሆን ከሦስት በደል አንዱን ያህል ይቅር የሚለው ሆኖ ተገኝቷል። ሒሳብ ሲሶውን ያህል ከወንጌል መንገድ ሄደ ብንል ቀልድ አይሁንብን። የቀረውን ሁለት እጅ ግን ሒሳብ ሊሄደው አይችልም፤ ካህኑ መስቀሉን ይዞ፥ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፥ ሽማግሌዎች በመካከል ተቀምጠው የሚሄዱት መንገድ ነው። ሽማግሌዎቹም ማን አስቀድሞ በደለ የሚለውን ፈትሸው ካሣውን ይወስናሉ፤ ወሳኙ ነገር ግን የተበደለው ወገን ሊመልሰው የሚችለውን ብድር ሳይመልስ መቅረቱ ነው። ይህን የመሰለ ስጦታ በወንፈል ደብተር የሚጻፍበት መስመር የለውም።

እንግዲህ ከሁሉ ወደሚከብደው ደርሰናል። እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ሊመልሱ ስለሚችሉ ሰዎች ነው። ሊመልስ የማይችልስ? በሬ የሌላት መበለት፥ ክንዱ የደረቀ ሽማግሌ፥ ነገ ወደ ሌላ አገር የሚሻገር እንግዳ፥ በደዌ ምክንያት ከሰው የተለየ ሰው፥ እነዚህ ከወንፈል ምን ይሰጣሉ? መረዳዳት በብድር ብቻ የቆመ ከሆነ እነርሱን ማስወጣት ክፋት አይባልም፤ የሥርዐቱ ትክክለኛ ፍሬ ነው። የብድር ትልቁ አደጋ ይህ ነው እንላለን፤ ማንም ክፉ ሳይሆን ደካማው ከማኅበር ይወጣል። ከዚህም የሚብሰው ደካማው ራሱ ቀድሞ መውጣቱ ነው። በ2001 ታትሞ በወጣ በ15 ትንንሽ ሕዝቦች መካከል በተደረገ ጥናት፥ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የሚኖሩ አውና ኛው የተባሉ ሕዝቦች ከግማሽ በላይ የሆነ ገንዘብ ሲሰጣቸው እንኳ ብዙ ጊዜ እምቢ ይሉ እንደ ነበር ተገኝቷል፤ ትልቅ ስጦታ መቀበል በነርሱ ዘንድ ትልቅ ዕዳ መሸከም ነውና። ይህን ለማየት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ድግስ መመለስ ስላልቻለ ከጽዋ ማኅበሩ በዝምታ የቀረ ሰው በየደብራችን አለ፤ ማንም አላባረረውም፤ አፍሮ ቀረ እንጂ።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ፥ ወደ ምሳ የጠራውን ሰው ያስተማረው ይህን ነው። ወዳጆችንና ባለጠጋ ጎረቤቶችን ከመጥራት ይልቅ ድኾችን፥ ጕንድሾችን፥ አንካሶችንና ዕውሮችን እንዲጠራ ነገረው፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ፥ የሚመልሱት የላቸውምና ብድሩ በጻድቃን ትንሣኤ እንደሚመለስ ገለጠለት። ልብ በሉ፤ ጌታ ብድርን አልሻረም። ሰው ብድር መጠበቁን አልነቀፈም፤ የሚመለስበትን ቀንና የሚመልሰውን ባለ ዕዳ ለወጠ እንጂ። አገራችን «ብድር በምድር» ይላል፤ ወንጌል ግን የማይመልሰውን ሰው ዕዳ እግዚአብሔር በራሱ ላይ እንደ ጻፈው ያስተምራል። እንግዲህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው መልሳችን ይህ ነው፤ ብድርን ተስፋ ማድረግ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአት የሚሆነው ከሚመልሰው ሰው በቀር ሌላ ባልንጀራ ማየት ሲያሳጣን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን በቃል ብቻ አልተማረችም፤ ገና በጥዋት ተፈትናበታለች። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ ቸል ስለ ተባሉ አንጐራጐሩ። ማንም አስቦ በደላቸው አይልም፤ የሚያድለው ሰው የሚያውቀውን ያያል፥ ቋንቋውን የሚሰማውን ያስታውሳል፤ ያልታወቀው ይቀራል። ሐዋርያት ታገሡ ብለው ብቻ አልተዉአቸውም፤ ሰባት ዲያቆናትን አሾሙ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ይኸውም ቸል የተባለው ወገን ራሱ በማዕዱ ላይ እንዲሾም መደረጉን የሚያሳይ ይመስለናል። ከሐዲው ንጉሥ ዑልያኖስም በ362 ገደማ ለገላትያ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ፥ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኾች ብቻ ሳይሆን የጣዖት አምላኪዎቹንም ድኾች መመገባቸው እንዳሳፈረው ገልጦ፥ የእርሱ ካህናትም የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠሩ አዘዘ። ጠላት የመሰከረው ምስክርነት ነውና ይታመናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታላቁ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ ከከተማው ውጭ ለድኾች፥ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ቤት አሠራ።

በአገራችን ደግሞ የቆሎ ተማሪውን እንመልከት። ለቅኔ ወደ ጎጃም፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር የሚሻገር ልጅ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ቍራሽ የምትሰጠው እናት ስሙን አታውቀውም፤ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ እርሷ አይመለስም። ሪቻርድ አሌክሳንደር የተባለ ሊቅ በ1987 እንዳስረዳው፥ ለማይመልስ የሚሰጥ ሰው በሌሎች ዘንድ ስሙ ስለሚከብር ብድሩን ከሌላ በኩል ያገኘዋል። ይህ እውነት ያለበት ነገር ነው። ያቺም እናት ምናልባት ልጇ በዚያው ሰዓት በሌላ አገር በሌላይቱ እናት ደጅ ቆሞ ይሆናል፤ ልቧ ይህን ያስባል። ነገር ግን ልጅ የሌላትም ትሰጣለች፤ በጨለማ ማንም ሳያያት የምትሰጥም አለች፤ ውሻዋንም አስራ የምትጠብቅ አለች። እኛም ከዚያ እንጀራ በልተን ያደግን ነንና፥ የአገሪቱ ሊቃውንት ሁሉ ብድሩን ለማን እንደሚመልሱ በማያውቁት ቍራሽ የተማሩ መሆናቸውን ያለ ማጋነን መመስከር እንችላለን።

ይህ ሁሉ ሳለ በድግሳችን ያለውን ጕድለት ዝም ብለን ማለፍ አይገባም። ተዝካር ለሞተው ሰው ነፍስ የሚደረግ ምጽዋት ነው፤ በብዙ ቦታ ግን የበሉት የሚያበሉበት ወንፈል ሆኖ ቀርቷል። ባለጸጋው የጋበዙትን ሁሉ ጋብዞ በዳስ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እኛ ካህናቱም በላይኛው መደብ እንቀመጣለን፤ ድኾቹ ግን ከአጥር ውጭ ሆነው ፍርፋሪውን ይጠብቃሉ። በሉቃስ ወንጌል የተጻፈውን ሥርዐት ያነበበ ሰው ይህን ሲያይ ዳሱ ተገልብጦ እንደ ተተከለ ያስባል። ለተዝካሩ ገበሬው በሬውን እስኪሸጥ መድረሱንም ስናይ፥ የሙታን ምጽዋት የሕያዋን ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

እድሮችን በሚመለከት ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አይተናል። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤድስ ብዙ ሰው በገደለ ጊዜ፥ የእድሮች ሣጥን በቀብር ወጪ እየተራቈተ ሄደ። አንዳንዶቹ እድሮችም ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ከመትከል ሳይሞት መርዳት ይሻላል ብለው፥ ለታመሙት አባሎችና ወላጆቻቸው ለሞቱባቸው ልጆች የሚሆን ነገር ይሰጡ ጀመር። እነዚህ ልጆች ለእድሩ የሚመልሱት መዋጮ አልነበራቸውም። በቍጥር የተመሠረተው ማኅበር ከቍጥር አለፈ፤ ፊደሉን የቈጠረው ሰው ዳዊት ደገመ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መዋጮውን ሦስት ወይም አራት ወር ያልከፈለውን አባል ምክንያቱን ሳይጠይቁ ከመዝገብ የሚፍቁ እድሮች ዛሬም አሉ። ሰውየው መክፈል እምቢ ብሎ እንደ ሆነና መክፈል አቅቶት እንደ ሆነ መዝገቡ አይለይም፤ የሚለየው ሄዶ በሩን ያንኳኳ ሰው ነው። ይህን የማንኳኳት ሥራ ለነፍስ አባት መስጠት ይገባል እንላለን፤ የንስሐ ልጁን ቤት የሚያውቅ፥ ምሥጢሩንም የሚጠብቅ እርሱ ነውና። የጽዋ ማኅበርም አለቃ እንዲሁ፥ በዝምታ የቀረውን ሰው ተራው ሲደርስ ሌሎቹ አዋጥተው በእርሱ ቤትና በእርሱ ስም እንዲደግሱለት ማድረግ ይችላል።

ስለ መበለቲቱም እርሻ አንድ ነገር እንጨምር። ማንም ሰው ዕዳ ያለበት በሬ ካለው ጎረቤቱ ዘንድ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚሄደው ዕዳው ወዳለበት ነው። ለጽድቅ የሚወጣው ደቦ የሚጠራው የየራሱ ማሳ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የመበለቲቱ ጤፍ በአረም ተውጦ ግማሹ ጠፍቷል፤ የሚመጡት ሠላሳ ሰዎች ቢሆኑም ያለፈውን ሁለት ሳምንት ሊመልሱላት አይችሉም። እንግዲህ የየአጥቢያው ካህናትና የመንደሩ ሽማግሌዎች ወንፈሉ ተራ ከመውጣቱ በፊት ተቀምጠው፥ የመጀመሪያውን ቀን ለእርሷ ቢይዙላት፥ ለገበሬው የሚጐድልበት አንድ ቀን ነው፤ ለእርሷ ግን የዓመት እንጀራዋ ነው።